ሲወጡ ብድግ የሚደረግ ቦርሳ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች የተጻፉት ከተለያየ ቦታ ነው፤ የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የመሬት መንሸራተት ወይም ሰደድ እሳት ሲመጣ ይዘነው የምንወጣው ቦርሳ ምን ይኑረው? ቦርሳው የሦስት ቀን ማቆያ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ቦርሳ ያላዘጋጀ ሰው አደጋው ደጃፉ ከደረሰ በኋላ የቤት ካርታ ይፈልጋል፣ የልጅ ጫማ ይፈልጋል፣ ባትሪ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያዘው በዚያ ፍለጋ ላይ ነው። ከታች አንድ ዕቃ ይግባ ወይም ይቅር ስንል መጀመሪያ የምናየው ከበሩ ለመውጣት ያግዛል ወይስ ያዘገያል የሚለውን ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከደቻቱ ሳንድ፣ ጎርፍ ሲመጣ ከሚሞላው የከተማችን ደረቅ የወንዝ አሸዋ፣ ብዙም አይርቅም። ባለቤቴ፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቼ፣ እናቴና እኔ አብረን እንኖራለን። «የአደጋ ጊዜ ቦርሳ አዘጋጁ» ሲባል እንሰማለን፤ ምን ምን እንደሚገባ ግን በዝርዝር የነገረን የለም። ውድ የውጭ ዕቃ መግዛት አንችልም። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የእናንተ ጎርፍ የሚመጣው ከላይ፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሳንዱ ሊሞላ ይችላል። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት የ1998ቱ ጎርፍ በሐምሌ መጨረሻ የደረሰው በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነበር። ስለዚህ ቦርሳችሁ በጨለማ በዳበሳ መገኘት አለበት፤ ቦታው ከመውጫው በር ጀርባ ሚስማር ላይ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም አልጋ ሥር የተቀመጠ ቦርሳ መጀመሪያ ውሃ የሚነካው ዕቃ ይሆናል።

ውድ ነገር አያስፈልግም። ሁለት ማንጠልጠያ ያለው፣ በጀርባ የሚታዘል አሮጌ የተማሪ ቦርሳ ይበቃል። የእጅ ሻንጣ አንመክርም። ጎማ ያለው ሻንጣ ጭቃ ላይ አይሄድም፤ የሚንጠለጠል ቦርሳ ደግሞ አንድ እጅ ይይዛል፣ እናንተ ደግሞ ያንን እጅ ለ4 ዓመቱ ልጅና ለእናትዎ ትፈልጉታላችሁ። ለአንድ አዋቂ ከ8 ኪሎ አይብለጥ። የ9 ዓመቱ ልጅ 2 ኪሎ ያህል፣ የራሱን ልብስና ውሃ ይያዝ። ትንሹ ምንም አይሸከም። እናትዎ የራሳቸውን መድኃኒትና መነጽር ብቻ በትንሽ ከረጢት አንገታቸው ላይ ያድርጉ። ክብደቱን ለማወቅ ሰፈር ውስጥ ባለ የእህል ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ በዓይን ግምት ሁሉም ሰው ይሳሳታል።

ቦርሳው ውሃ ያስገባል፤ «አያስገባም» ብለው ቢሸጡልዎትም ስፌቱ ያስገባል። ከመሙላትዎ በፊት ውስጡን በወፍራም ላስቲክ ያልብሱት፣ አፉን ጠምዝዘው በገመድ ይሰሩት። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይሙሉ። ከታች ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቅያሪ ልብስና ካልሲ፣ አንድ ቀላል ብርድ ልብስ። ጋቢ ሙቀቱ ባይካድም ከረጠበ ድንጋይ ነው፤ ቶሎም አይደርቅም። መውሰድ ካለብዎት ለብቻው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይግባ። ነጠላ ግን ሁለት ይያዙ፤ ልጅ ማዘያ፣ የተሰበረ ክንድ ማንጠልጠያ፣ የደፈረሰ ውሃ ማጥለያ፣ ጥላ ይሆናል። መሐል ላይ ምግብ፣ ሳሙና፣ ለሴቶች የወር አበባ መጠበቂያ፣ አምስት ስድስት ባዶ ፌስታል፣ 3 በ4 ሜትር የሚሆን ላስቲክና 10 ሜትር ሲባጎ። ከላይ ደግሞ ሳይታይ በእጅ የሚገኝ ነገር፦ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ውሃ፣ የሰነድ ከረጢት።

ባትሪው ግንባር ላይ የሚታሰር ቢሆን እንመርጣለን፤ እጅ ነፃ ያደርጋል። ድንጋዮቹን ውስጡ አትተዉ። ወራት የቆየ ድንጋይ ያልባል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ መነካኪያውን በልቶ ባትሪውን ይገድላል። አውጥታችሁ ከባትሪው ጋር በአንድ ላስቲክ እሰሩት፣ ዓይን ጨፍኖ መክተትንም ተለማመዱ። ሻማ አይግባ፤ ላስቲክ ድንኳን ውስጥ ሻማ ሌላ አደጋ ነው። ፊሽካ ርካሽ ናት፤ ድምፅ ለተዘጋበት ሰው ሦስት ጊዜ መንፋት ከጩኸት የበለጠ ርቆ ይሰማል።

ውሃ ላይ ብዙ ሰው ሒሳቡን ሳያየው ይሳሳታል። ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥና ለምግብ 4 ሊትር ብንል፣ ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር ማለት ነው፤ 60 ኪሎ። ማንም አይሸከመውም። አዋቂው አንድ ተኩል ሊትር፣ ልጁ ግማሽ ሊትር ይያዝና የተቀረውን በመንገድ ወይም መጠለያ ውስጥ ለማግኘት ይዘጋጁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካንና የውሃ ማከሚያ ነው። መጠለያ ሲደርሱ ውሃ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የሚጠፋው መቅጃ ዕቃ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ስለ ቦርሳ ባይሆንም። በፍጥነት የሚሄድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ቦርሳው ዝግጁ ሆኖ ሳንዱን ለማቋረጥ ከሞከሩ ቦርሳው ምንም አላደረገም። ከእናንተ በኩል ባለው ከፍታ አስቀድማችሁ አንድ ቦታ ምረጡ፤ ልጆቹም ስሙን ይወቁት።

ጥያቄ፦ ለቦርሳው ምግብ ቋንጣ ላዘጋጅ ወይስ በሶ? እህቴ ብስኩት ይሻላል ትላለች። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በሶ። ማብሰያ አይፈልግም፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጥርስ የሌለውም ሕፃንም ይወስደዋል። ለአንድ አዋቂ ለሦስት ቀን አንድ ኪሎ ይበቃል። ጨው ለብቻው ይያዙ፤ ዱቄቱ ላይ ከቀላቀሉት እርጥበት ይስባል። አየር በማያስገባ ዕቃ በሁለት ተከፍሎ ይቀመጥ፤ አንዱ ቢረጥብ ሌላው ይተርፋል። በየሦስት ወሩ ቤት ውስጥ በሉትና በአዲስ ተኩት።

ቋንጣ ክፉ አይደለም፤ ግን ጨውና በርበሬው ውሃ ያስጠማል፣ ውሃ ደግሞ የለም። ጭኮ ቅቤ ስላለው ሙቀት ላይ ይሻግታል፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ይሆናል፣ ለቆላ አይሆንም። ቆሎና ኦቾሎኒ ጥሩ ናቸው፤ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ሙሉ ኦቾሎኒ ያንቃል። ተምር ቦታ ሳይዝ ኃይል ይሰጣል። ድርቆሽ ቀላል ነው፤ ችግሩ ተሰባብሮ ዱቄት መሆኑ ነው፣ ጠንካራ ዕቃ ይፈልጋል። እህትዎም አልተሳሳቱም፤ ብስኩት ለልጅ ይግባ፤ ያለቀሰ ልጅ ዝም የሚለው በሚያውቀው ጣዕም ነው።

ጥያቄ፦ ባሮ ሲሞላ ጉድጓዳችን ይበከላል። በረኪና ውሃ ያክማል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስንት ይጨመር? (ከጋምቤላ)

መልስ፦ ያክማል፤ ግን በመጀመሪያ ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ውሃ አጋር፣ ቢሻን ጋሪ ወይም አኳታብ ካገኙ እሱን ቦርሳ ውስጥ ያድርጉ። መጠኑ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ፍሬው ወይም ከረጢቱ ለስንት ሊትር እንደሆነ ማንበብ አይዘንጋ፤ የ20 ሊትሩን ፍሬ 1 ሊትር ላይ የሚጥል ሰው አለ። ቢሻን ጋሪ ለደፈረሰ ውሃ ይመረጣል፤ ጭቃውን አጣብቆ ወደ ታች ያወርደዋል።

በረኪና ብቻ ከሆነ ያለው፣ ሽታ ያልተቀላቀለበትና ጥንካሬው 5 በመቶ ገደማ የሆነ ይሁን። ውሃውን በመጀመሪያ ያጥልሉት፤ አራት እጥፍ የታጠፈ አሮጌ ነጠላ ጥሩ ነው። ጥሩ የጠራ ከሆነ ለ1 ሊትር 2 ጠብታ፣ አሁንም ደፍረስ ካለ 4 ጠብታ። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ማለት ነው፤ መቁጠር ከሰለቸዎት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይያዙ፣ 2 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ነቅንቀው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ካለው ይጠጣል። ከሌለው ያንኑ መጠን ደግመው 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አሁንም ካልሸተተ ያ ውሃ ቆሻሻው በዝቷል፣ ወይ በረኪናው ሞቷል። በረኪና በፀሐይና በጊዜ ጥንካሬውን ያጣል፤ ሁለት ዓመት መስኮት ላይ የቆመ ጠርሙስ ላይ ነፍስ አይጣልም። ክሎሪን ናፍጣ፣ የእርሻ መድኃኒት ወይም ጨው አያወጣም። የበሰቃ ሐይቅ አካባቢ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ልብ ይበሉ፤ ጨውና ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ስንት ጠብታ ቢያደርጉበት ያው ነው።

ማፍላት ከተቻለ እሱ ይበልጣል። ቆላ ላይ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ግን 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው።

ለተቅማጥ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ከረጢት ኦ አር ኤስ ይያዙ። አንዱ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር ከበጠበጡት ጨው ይበዛና ልጁን ይጎዳል። ከሌለ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውሃ።

ጥያቄ፦ ታኅሣሥ 2017 መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ወጥተን በሸራ ሰነበትን፤ አሁን ቤት ገብተናል። ቦርሳችን አልጋ ሥር ነው። ሲጀምር ይዤው ልሩጥ? (ከመተሐራ)

መልስ፦ አይሩጡ። መሬት እየተንቀጠቀጠ ቦርሳ አይፈለግም። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፣ ከሌለ ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቀው ዝቅ ብለው ጭንቅላትዎንና አንገትዎን በክንድዎ ይሸፍኑ። ሲቆም ነው የሚወጡት።

ስለዚህ የእናንተ ቦርሳ የሚቀመጠው ከድሬዳዋው በተለየ ቦታ ነው። ግድግዳው ከተሰነጠቀ ቦርሳ ለማውጣት ተመልሰው መግባት የለብዎትም፤ ቀጣዩ ነውጥ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። መስከረም 2017 ፈንታሌ አካባቢ የጀመረው መንቀጥቀጥ ወራት ቆይቶ በየካቲት መጠኑ 6 የደረሰ ነውጥ አሳይቷል፤ «ትልቁ አለፈ» ብሎ መግባት እንዴት እንደሚያሞኝ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ግቢ ካላችሁ ቦርሳውን ከቤቱ ቁመት በራቀ ቦታ፣ ጥላ ሥር፣ በሚቆለፍ በርሜል ወይም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ጥላ ያልነው በምክንያት ነው፤ በእናንተ ፀሐይ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጡ ምድጃ ነው፣ መድኃኒትና የስልክ ባትሪ ይበላሻል። እነዚህን ሁለቱን ቤት ውስጥ በር አጠገብ ይተዉአቸው።

አልጋ ሥር የሚቀመጠው ሌላ ነገር ነው፦ ጫማና ባትሪ፣ በአንድ ፌስታል ከአልጋው እግር ጋር ታስሮ። ከመንቀጥቀጥ በኋላ ብዙ ሰው የሚቆስለው እግሩን፣ በተሰበረ መስታወት ነው። ፌስታሉን ማሰር ግዴታ ነው፤ ካልታሰረ ተንሸራቶ ክፍሉ ማዶ ይገኛል። ሲወጡ የሲሊንደሩን ጋዝ ይዝጉ፣ ከቻሉ ቆጣሪ ላይ ያለውን ማብሪያ ያውርዱ። ጋዝ ከሸተተ ክብሪት አይጫር፣ ማብሪያ ማጥፊያም አይነካ።

ሌላው የእናንተ ልምድ ያሳየው ነገር የሦስት ቀን ቦርሳ እንደማይበቃ ነው። ቦርሳውን አታግዝፉት። ይልቅ ሁለተኛ ጭነት አዘጋጁ፤ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ አጎበር፣ ድስት፣ ሌላ ላስቲክ፣ 5 ኪሎ ዱቄት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። መኪና ካለ ይጫናል፣ ከሌለ ይቀራል። ከሁሉም አጎበሩን ያስቀድሙ፤ አዋሽ ዳር ሜዳ ላይ በሸራ ለሚያድር ቤተሰብ ወባ ከነውጡ በላይ ያሰጋል።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊን ተጠቃሚ ነኝ። አዋሽ ሲሞላ መውጣታችን አይቀርም፤ ሙቀቱ ደግሞ ከ40 ያልፋል። (ከዱብቲ)

መልስ፦ ያልተከፈተው ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ይቆያል። በጥቅም ላይ ያለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ ብዙ ጊዜ 28 ቀን ያህል ያገለግላል። 40 ዲግሪ ላይ ግን ኃይሉን ያጣል፣ እርስዎም ስኳርዎ እስኪወጣ ድረስ አያውቁም። ስለዚህ ኢንሱሊኑ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም። ቦርሳው ላይ በትልቁ «ኢንሱሊን ከፍሪጅ» ብለው ይጻፉ፣ አጠገቡ ባዶ ማቀዝቀዣ ዕቃ ይንጠልጠል።

ዕቃው ውድ መሆን የለበትም። ሁለት የሸክላ ዕቃ፣ ትንሹ ትልቁ ውስጥ፤ መሐላቸው እርጥብ አሸዋ፤ አፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ፤ ቦታው ነፋስ የሚያገኝ ጥላ። እንደ ዱብቲ ባለ ደረቅ ሙቀት በደንብ ይሠራል፤ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። ለመንገድ ሸክላ ስለሚሰበር ብልቃጡን በፌስታል አሽገው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉት፣ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር ያርጥቡት። በረዶ ላይ በቀጥታ አያስቀምጡ፤ አንድ ጊዜ በረዶ ሆኖ የጠጠረ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። የጠራ መሆን የነበረበት ደፍርሶ፣ ወተት የሚመስለው ደግሞ ሲያንቀሳቅሱት ጓጉሎ ከቀረ አይወጉት።

ከሱ ጋር ቢያንስ የሁለት ሳምንት ሲሪንጅ፣ መለኪያው ከነወረቀቱ፣ ስኳር ቢወርድ ከረሜላ ወይም ተምር፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። የደም ግፊት፣ የሚጥል ሕመም፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱ አንባቢዎችም ወረቀቱ ያው ነው። የንግድ ስሙን ብቻ አትጻፉ፤ ሌላ ከተማ በዚያ ስም ላይገኝ ይችላል፣ የመድኃኒቱን ዋና ስም ሐኪም ያጽፍላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰነዶቼ ሁሉ ስልኬ ላይ አሉ። ወረቀት መያዝ ግድ ነው? አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ግድ ነው። ስልክ ይወድቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል። ቅድሚያ የሚሰጠው መልሶ ለማውጣት ለሚያስቸግረው ነው፦ የቤት ካርታ ወይም ውል፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የመኪና ሊብሬ፣ ፓስፖርት። መታወቂያና የባንክ ደብተር ቢጠፉም ይተካሉ፤ የፋይዳ ቁጥርዎን ግን በወረቀት ይጻፉት። ዋናዎቹን በወፍራም ላስቲክ ፋይል ያስገቡ፣ ላሚኔት አያስደርጉ፤ ማኅተሙን ለማጣራት ያስቸግራል፣ ከታሸገ በኋላ መልሶ መክፈት የለም። ኮፒው በሌላ ሰው ቦርሳ ይሁን። ፎቶውን ደግሞ ሌላ ከተማ ላለ የቅርብ ዘመድ በቴሌግራም ይላኩ፤ ስልክዎ ቢጠፋ እሱ ዘንድ አለ።

ያ ዘመድ ሌላም ሥራ አለው። ቤተሰብ ሲበታተን ሁሉም ለእሱ ይደውላል፤ ከተማ ውስጥ መስመር ሲጨናነቅ አጭር መልእክት ከጥሪ ቀድሞ ያልፋል። የእሱን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ እያንዳንዱ ቦርሳ ውስጥና የልጅ ኪስ ውስጥ አድርጉ፤ ዛሬ የገዛ ባለቤቱን ስልክ በቃሉ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? በዚያው ወረቀት ላይ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ፣ 991 ለፖሊስ ይጻፉ።

ጥሬ ገንዘብ በ10፣ በ50 እና በ100 ብር ተዘርዝሮ ይኑር። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም ባንክም የለም፤ በ200 ብር ኖት ውሃ የሚገዛ ሰው ደግሞ መልስ አያገኝም። ፎቁን በተመለከተ፣ ሊፍት ቢኖርም አይጠቀሙ፣ ቦርሳው ደግሞ አራት ፎቅ በደረጃ የሚወርድ ክብደት ይሁን። አንድ ጊዜ ይዘውት ወርደው ይውጡ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያረፉ እንደሆነ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ተዳፋት ላይ ነው ቤታችን። በልግም ክረምትም ይዘንባል፤ መቼ ነው መውጣት ያለብን? (ከጎፋ ዞን)

መልስ፦ የእናንተ ጥያቄ ስለ ቦርሳ አይደለም፣ ስለ ሰዓት ነው። ሐምሌ 15፣ 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣ፤ ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ለእርዳታ የሮጡ ናቸው። ተዳፋቱን ናዳ ከነካው በኋላ የቀረው አፈርም ልቅ ነው።

ከመንሸራተቱ በፊት መሬቱ ይናገራል። አዲስ ስንጥቅ ይታያል፤ ከበላይ በኩል ከሆነ የባሰ ነው። ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ይጣበቃል። ዛፍና የአጥር እንጨት ያዘነብላል። ምንጭ በድንገት ይደፈርሳል ወይም ይደርቃል፣ ደረቅ ከነበረ ቦታ ውሃ ይወጣል። ከባድ ዝናብ በተከታታይ ቀናት ሲጥል ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊቱን እዚያ አይደርም። ሲወጡ ወደ ታች አይሮጡ፤ ናዳው ወደዚያው ነው የሚሄደው። ወደ ጎን፣ ከተዳፋቱ መስመር ወደሚያወጣ ጠንካራ ጋራ ይሂዱ።

ከባድ ዝናብ ባለበት ሳምንት ልብስ ለብሶ መተኛት፣ ቦርሳውን ደግሞ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ ከአደጋው መስመር ውጭ ባለ ዘመድ ቤት አስቀድሞ ማስቀመጥ ይሻላል። ያኔ እጅዎን ብቻ ይዘው ይወጣሉ። ናዳ ከወረደ በኋላ መቆፈር ግድ ከሆነ አንድ ሰው ተዳፋቱን ብቻ እያየ ፊሽካ ይዞ ይቁም፣ ሌሎቹ በአንድ ጊዜ ጥቂት ሆነው ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ማሳችን ይዋጣል። ከብቶቹንስ? (ከፎገራ)

መልስ፦ የእናንተ ውሃ ብዙ ጊዜ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይሰጣል፤ ከብቱ ከሰው አስቀድሞ ይውጣ። ጊዜ ካጠረ ገመዱን ቁረጡና ልቀቁ፤ በጎርፍ የሚያልቅ ከብት ብዙውን ጊዜ ታስሮ የቀረ ነው። ቦርሳው ውስጥ የመሬት ይዞታ ደብተርና የጤና መድን ደብተር ይቅደሙ። ከዘር እህል ደግሞ ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂት በደረቅ ጠርሙስ አሽጋችሁ ያዙ፤ ጎተራው ቢሄድ የሚመለሰው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ነው የምንኖረው። እናቴ ከኢትዮጵያ መጥታ ከእኛ ጋር ናት፣ እንግሊዝኛ አታውቅም። ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) እሳት በኋላ ቦርሳ አዘጋጅተናል፤ የጎደለ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ብዙ አበሾች የሚረሱት የወረቀት ዓይነት አለ፦ ግሪን ካርድ፣ የዜግነት ሰርተፊኬት፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ፣ የእናትዎ ፓስፖርት ከነቪዛው። የዜግነት ሰርተፊኬት ማስተካት ጊዜም ገንዘብም ይበላል፤ እሱ ከሁሉ ይቅደም። ለእናትዎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ አንገታቸው ላይ ይሁን፤ ስም፣ አድራሻ፣ የሁለት ሰው ስልክ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ «አማርኛ ብቻ እናገራለሁ» የሚል መስመር። ቀን እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ የትኛው ጎረቤት እንደሚያወጣቸው ዛሬ ይወሰን።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የመውጫ ማስጠንቀቂያና የመውጫ ትእዛዝ ይለያያሉ። አረጋዊ፣ ሕፃን ወይም የታመመ ያለበት ቤት በማስጠንቀቂያው ይውጣ፤ ትእዛዙ ሲመጣ መንገዱ በመኪና ይዘጋል። የቤንዚን ታንክ ከግማሽ አይውረድ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ኤን 95 ጭምብል ይኑር፤ የጨርቅ ጭምብል የጭሱን ደቃቅ ብናኝ አያቆምም። ናይለን ልብስ እሳት ፍንጣሪ ላይ ይቀልጣል፤ ሲወጡ ጥጥና ረጅም እጅጌ ይልበሱ። አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ሞክሩ፤ መብራት ሲጠፋ የጋራዡ በር በሞተር አይከፈትም። ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ስበው በሩን በእጅ ማንሳት አለባችሁ፤ ከባድ ነው፣ ቤት ያሉት ሁሉ ማንሳት መቻላቸውን እዩ።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ሕፃን አለችኝ። ዱቄት ወተት ስንት ልያዝ? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ጡት የምታጠቡ ከሆነ ምንም አይያዙ። መጠለያ ውስጥ ጡጦን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ስለማይቻል ዱቄት ወተት ተቅማጥ ይዞ ይመጣል። ድንጋጤ ወተት የሚያደርቅ ይመስላል፣ ደጋግሞ ማጥባት ግን ይመልሰዋል። ለእርስዎ ውሃና በሶ ይጨመር። ቀድሞም ዱቄት የምትጠጣ ከሆነች የሦስት ቀኑን ከነመለኪያ ማንኪያው ይያዙ፤ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ ይስጧት፣ ኩባያ መታጠብ ይቀለዋል። አንቀልባውን ቦርሳው ላይ ያስሩት።

ጥያቄ፦ ቦርሳዬን ካዘጋጀሁ ሁለት ዓመት ሆነ። አሁንም ይሠራል? (ከወላይታ ሶዶ)

መልስ፦ አይመስለንም። ይክፈቱት። በሶው ነቅዟል፣ ድንጋዩ አልቧል፣ ፓራሲታሞሉ ጊዜው አልፏል፣ ፓወር ባንኩ ሳይነካ ባዶ ሆኗል። በእናንተ አካባቢ በዓመት ሁለቴ ማየት ይበቃል፤ አንዱ የካቲት፣ በልግ ሳይገባ፣ ሁለተኛው ሰኔ መጀመሪያ። ምግቡን፣ በረኪናውንና መድኃኒቱን ይቀይሩ፣ በሶውን ግን በየሦስት ወሩ ይተኩ፣ ፓወር ባንኩንም በየሦስት ወሩ ይሙሉ፣ ገንዘቡ እንዳልተነካ ይቁጠሩ፤ ከሁሉ ቶሎ የሚጎድለው እሱ ነው። ከዚያ የልጆቹን ልብስና ጫማ አውጥተው ያስለኳቸው። የሁለት ዓመት በፊት ጫማ አሁን እግር አያስገባም።